ተጠብሶበት የጠቆረ የፓልም ዘይት በናፍጣ ጄኔሬተር ላይ፦ ከሱሉልታ ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሱሉልታ ውስጥ ቺፕስ፣ ሳንቡሳና ፓስቲ እየጠበስን ለሱቆች እናቀርባለን። መጥበሻችን ባለ ሁለት ገንዳ የኤሌክትሪክ ፍራየር ነው። እያንዳንዱ ገንዳ 5 ሊትር ዘይትና 2.5 ኪሎዋት ማሞቂያ አለው። መብራት ሲጠፋ 6 ኪሎዋት የተጻፈበት፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና በአየር የሚቀዘቅዝ የናፍጣ ጄኔሬተር እናስነሳለን። የምንጠብስበት የሚረጋው ፓልም በሁለት ቀን ይጠቁርብናል፤ በሳምንት ወደ 20 ሊትር ይተርፈናል። ይህን ከናፍጣ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅለን ጄኔሬተሩ ላይ ብንጨምረው ምን ችግር አለው?»

ግማሽ በግማሽ ቀላቅላችሁ አታስነሱት። ሞተሩ እምቢ ስለሚል አይደለም፤ ይነሳል፣ ለጥቂት ሳምንትም ደህና ይመስላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ነዳጁን የሚረጨው ኖዝል ጫፍ ላይ ካርቦን ሲጋገር፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ፒስቶኑ ላይ ሲጣበቅ፣ የሞተር ዘይቱም ሲወፍር ነው። ያኔ የጥገናው ወጪ ከቆጠባችሁት ናፍጣ ይበልጣል። የምግብ ዘይት ነዳጅ አይሆንም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል፤ ሩዶልፍ ዲዝል ራሱም በኋላ ስለዚያ ጽፏል። ዛሬም በትክክል የተዘጋጀ ዘይት፣ ለዚያ በተስተካከለ ሞተር ላይ ይሠራል።

ጥያቄያችሁ ውስጥ ግን ከቅልቅሉ በፊት የሚመጣ ነገር አለ፤ ዘይቱ በሁለት ቀን መጥቆሩ። ፓልም ሙቀት ከሚችሉት ዘይቶች አንዱ ስለሆነ እንዲህ ፈጥኖ መጥቆር የለበትም። ፍራየሩ ውስጥ የተቃጠለ ዘይት አሲዱ ይጨምራል፣ ሙጫ መሰል ነገር ያበጃል፤ ሞተሩን የሚጎዳውም ያው አሲድና ያው ሙጫ ነው። ስለዚህ ነዳጃችሁ ደህና መሆን አለመሆኑ የሚለየው ገና ፍራየሩ ላይ ነው። ሥራውም ከዚያ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬያችን ጠዋት የምታበሩበት መንገድ ላይ ነው። የሱሉልታ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ በተለይ ውርጭ በሚጥልበት ኅዳርና ታኅሣሥ ገንዳው ውስጥ ያደረው ፓልም ጠዋት ድርቅ ብሎ ይገኛል። ቴርሞስታቱን 180 ላይ አድርጋችሁ ስታበሩ ማሞቂያው አጠገቡ ያለውን ስስ ሽፋን ብቻ ያቀልጣል፤ ዙሪያው ባዶ ይሆንና ብረቱ በአየር ውስጥ ይግላል። የቴርሞስታቱ ዘንግ ደግሞ ገና በረጋው ስብ ውስጥ ስለተቀበረ ቅዝቃዜ እንጂ ሙቀት አይሰማውም፤ ማሞቂያውንም አያጠፋውም። ከማሞቂያው ጋር የተነካካው ዘይት እዚያው ያርራል፣ ይጨሳል፤ እሳት የሚነሳውም አንዳንዴ በዚህ ሰዓት ነው። ትልልቆቹ ፍራየሮች ለዚህ የተበጀ ማቅለጫ አላቸው፤ ማሞቂያው ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ረዘም ላለ ጊዜ ይጠፋል፣ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ እንዲህ ይመላለሳል። የናንተ ከሌለው ሁለት መንገድ አለ። የሚሻለው ማታ ዘይቱ ሳይረጋ አጥልላችሁ ክዳን ባለው የብረት ድስት ማሳደርና ጠዋት በትንሽ እሳት አቅልጣችሁ መመለስ ነው። ሁለተኛው እዚያው ገንዳው ውስጥ በእጅ እያበሩና እያጠፉ ማቅለጥ ነው፤ 5 ሰከንድ አብርቶ 30 ሰከንድ ማጥፋት፣ ማሞቂያው በፈሳሽ ዘይት እስኪሸፈን ድረስ። ይህን የሚያደርገው ሰው ከአጠገቡ ለአፍታም አይራቅ። ዘይቱ ከቀለጠ በኋላ 5 ሊትሩ በ2.5 ኪሎዋት ማሞቂያ መጥበሻው ሙቀት ላይ ለመድረስ 12 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከሥራ ግማሽ ሰዓት በፊት ማብራት ትርፉ ዘይት ማቃጠል ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሙቀቱ ልክ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ ውሃ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ድንቹ ውስጥ ያለው ውሃም የሚፈላው በዚሁ ሙቀት ስለሆነ ውስጡ ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ውጪው ግን በዘይቱ ሙቀት ይቀላል። ከፍራየሩ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ የሚጻፈው 180 ወይም 185 ዲግሪ ለቆላማ ቦታ የሚስማማ ነው። በናንተ ከፍታ ከዚያ ላይ ወደ 14 ዲግሪ ግድም ቀንሱ። ለቺፕስ መጀመሪያ በ145 ዲግሪ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ፣ አውጥታችሁ ካረፈ በኋላ በ168 ዲግሪ 2 ደቂቃ። ለሳንቡሳ 165 ይበቃል። ፓስቲ ሊጡ ወፍራም ስለሆነ 160 ላይ ብትጠብሱት ልቡ ጥሬ አይቀርም። ቺፕሱ በዚህ ሙቀትም እየጠቆረ ካስቸገራችሁ ድንቹ የተቀመጠበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ከ6 ዲግሪ በታች የከረመ ድንች ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ በየትኛውም ሙቀት ይጠቁራል።

ቴርሞስታቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑት። የሙቀት ዘንግ ያለው መልቲሜትር አምጡ፤ ዘንጉን በዘይቱ መሃል፣ ከማሞቂያው አርቃችሁ ያዙና ማሞቂያው ሲጠፋና ተመልሶ ሲበራ ያለውን ሙቀት ጻፉ። ልዩነቱ 10 ዲግሪ ቢሆን ደህና ነው። ከ20 በላይ ከሆነ፣ ወይም 170 ብላችሁት 200 ከደረሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቴርሞስታቱ ዘንግ ላይ ነው፤ ከማቀፊያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ወይም የደረቀ የዘይት ልጥ ለብሶ ሙቀቱን ዘግይቶ ይሰማዋል። ገንዳውን በውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሞልታችሁ ግማሽ ሰዓት ብታፈሉት ልጡ ይለቃል፤ ከዚያ በጨርቅ ጠርጉት። በሽቦ አትፈትጉት፣ ቀጭኗን የመዳብ ቱቦም አትጠምዝዙ፤ ከተሰበረች ቴርሞስታቱ ሙሉ ዕቃው ይቀየራል። ከዋናው ሌላ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ቆርጦ የሚያጠፋ፣ በእጅ ተጭነው የሚመልሱት ሁለተኛ መቁረጫ ይኑረው። ብዙውን ጊዜ 230 ዲግሪ ላይ ይቆርጣል። ደጋግሞ ሲቆርጥ «ያስቸግራል» ብሎ በሽቦ ማለፍ ቤት የሚያቃጥል ሥራ ነው፤ የቆረጠው ዋናው ቴርሞስታት ስላላጠፋ ነውና እሱን ቀይሩት።

ሌላውን ባጭሩ እንለፈው። በአንድ ቅርጫት ከ750 ግራም በላይ አትጨምሩ፤ የዘይቱና የምግቡ ክብደት ስድስት ለአንድ ይሁን። ድንቹን በጨርቅ አድርቁት። ጨው ገንዳው ላይ አትነስንሱ። የመዳብና የነሐስ ዕቃ ዘይቱ ውስጥ አይግባ፤ ዘይት ከአየር ጋር እንዲበላሽ ያፋጥናሉ። ፍርፋሪውን በየቀኑ በአቡጀዲ አጥልላችሁ አውጡ፤ ከማሞቂያው በታች ያለው ቀዝቃዛ ቦታ የተሠራው ፍርፋሪው እንዳያር ነው፣ ከሞላ ግን ጥቅም የለውም። ዘይቱ በ170 ዲግሪ መጨስ ከጀመረ፣ አረፋው ምግቡ ከወጣ በኋላም ካልጠፋ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ የሚያጣብቅ ቀለበት ከሠራ መቀየሪያው ደርሷል። እሳት ቢነሳ ውሃ ፈጽሞ አይነካው፤ ማብሪያውን አጥፍታችሁ በክዳን ወይም በእሳት ማፈኛ ብርድ ልብስ ሸፍኑት። ለምግብ ዘይት እሳት የተሠራው ማጥፊያ ፈሳሽ ኬሚካል የሚረጨው ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ።

ናፍጣ በ40 ዲግሪ ሙቀት የፈሳሽ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4.5 ሴንቲስቶክ ነው። የምግብ ዘይት በዚያው ሙቀት ከ30 እስከ 40 ይደርሳል፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ኖዝሉ ይህን ወፍራም ነገር እንደ ጭጋግ መበተን ስለማይችል በትላልቅ ጠብታ ይረጨዋል። ጠብታው ሳይቃጠል የሲሊንደሩን ግድግዳ ይመታል፣ ከፊሉ ካርቦን ሆኖ ይቀራል፣ ከፊሉ በፋሻው አልፎ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ከናፍጣ ጋር መቀላቀል ውፍረቱን ይቀንሰዋል፤ ለችግሩ መፍትሔ የሚሆን ግን ሙቀት ነው፤ 75 ወይም 80 ዲግሪ ላይ ዘይቱ ለኖዝሉ የሚቻል ይሆናል። የናንተ ፓልም ላይ ሌላም አለ፤ ቅልቅሉ ሰልባትዮው (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ውስጥ ሌሊቱን ሲበርደው ፓልሙ ተለይቶ ይረጋና ፊልትሮውን ይደፍናል። በብርድ ጠዋት ጄኔሬተሩ ላይነሳ እንደሚችል በዚሁ እወቁት።

ይሁን እንጂ ፓልም ለሞተር ያለው አንድ ጥሩ ነገር መታወቅ አለበት። ሱፍና ኑግ ብርድ ላይ አይረጉም፤ ነገር ግን በአየርና በሙቀት ቶሎ ወደ ሙጫነት የሚለወጡ ዘይቶች ናቸው። ተልባ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ቀለም ውስጥ የሚገባውም ስለሚደርቅ ነው። ፓልም የሞተር ዘይት ውስጥ ቢገባ እንኳ ከእነዚህ ቀስ ብሎ ይበላሻል። ስለዚህ ከሌላ ቤት የተልባ ወይም የኑግ ዘይት ለምናችሁ አትደባልቁ፤ ፓልማችሁን ብቻ አሙቁት።

ጄኔሬተራችሁ ግን ለዚህ የተመቸ አይደለም፤ ይህንን በግልጽ መናገር አለብን። በአየር የሚቀዘቅዙት ትንንሽ ሞተሮች ነዳጁን በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ የሚረጩ፣ በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሽከረከሩ ናቸው፤ ለማቃጠያ ያላቸው ጊዜ አጭር ነው፣ የኖዝላቸው ቀዳዳ ቀጫጭን ነው፣ ዘይት ማሞቂያ የሚሆን የሞቀ ውሃም የላቸውም። ለዘይት የሚስማማው በየወፍጮ ቤቱ የምታዩት ዓይነት፣ በውሃ የሚቀዘቅዘው አግድም ሞተር ነው። የቻይናው ኤስ 195 ጥሩ ምሳሌ ነው፦ 12 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 2,000 ዙር፣ ነዳጁ መጀመሪያ የሚቃጠልበት የተለየ ክፍል ያለው፣ ኖዝሉም ወደ 130 ባር በሚጠጋ ግፊት የሚከፈት። ሁለቱ ሞተሮች አንድ ዓይነት ዘይት ቢሰጣቸው የቀጥታ መርጫው ኖዝል ቀድሞ ይዘጋል። ያላችሁን ጄኔሬተር በናፍጣ ብቻ አስነሱት፤ ዘይት ለማቃጠል ከቆረጣችሁ በኤስ 195 ዓይነት ሞተር ላይ ቀበቶ አድርጋችሁ 1,500 ዙር ጄኔሬተር አዙሩ።

ከዚያ በፊት ግን ሒሳቡን ሥሩ። 20 ሊትር ቆሻሻው ወጥቶ፣ ዝቃጩ ተጥሎ 16 ሊትር ቢተርፍ፣ 4 ኪሎዋት ሲጭን በሰዓት 1.5 ሊትር ለሚበላ ሞተር የሚበቃው 11 ሰዓት ግድም ነው። ፍራየሩን ካስተካከላችሁ ደግሞ የሚተርፈው ዘይት በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ያ የዘይት ቁጠባ ከነዳጁ ቁጠባ ይበልጣል። በሳምንት መብራት የሚጠፋባችሁ ከ10 ሰዓት በታች ከሆነ ሁለተኛ ሞተር መግዛት አያዋጣም ብለን እናምናለን። የአካባቢውን መጥበሻ ቤቶች ዘይት የምትሰበስቡ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ለመሰብሰብ ከወሰናችሁ እያንዳንዱን ጀሪካን መርምሩ። ጠብታ ዘይት በ120 ዲግሪ የጋለ መጥበሻ ላይ ጣሉ፤ ከተንጣጣ ውሃ አለበት። አሲዱን ለመለካት አንድ ግራም ኮስቲክ ሶዳ በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙ። በሌላ ብርጭቆ 1 ሚሊ ሊትር ዘይት ከ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮልና ከሁለት ጠብታ ፊኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ቀለም የሚያወጣ መመርመሪያ) ጋር ቀላቅሉ። የኮስቲኩን ውሃ በመርፌ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ሐምራዊው ቀለም ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ እስኪቆይ ጨምሩ። እያንዳንዱ የጨመራችሁት ሚሊ ሊትር ከዘይቱ 0.8 በመቶ ያህሉ ወደ አሲድ እንደተለወጠ ይነግራችኋል። እስከ 2 ሚሊ ሊትር የፈጀው ይሆናል፤ ከ3 ያለፈው ፖምፓ ስለሚበላ ለሞተር አይቅረብ። ያ ለልብስ ሳሙና ይሆናል፤ ለአንድ ኪሎ ፓልም 134 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ በጓንትና በመነጽር።

ለሞተር ያለፈውን በ60 ዲግሪ አሙቁትና ሙቀቱን እንደያዘ አንድ ቀን አስቀምጡት። ውሃውና ዝቃጩ ይወርዳል፤ ከታች ያለውን አሥረኛ እጅ አትንኩት። የላዩን በሙቀቱ በአቡጀዲ፣ ከዚያ በ10 ማይክሮን፣ በመጨረሻ በ5 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉ። በርዶ የተጣራ ፓልም ማጣሪያውን ሲደፍን እንጂ ሲያልፍ አይታይም።

ሞተሩ ላይ ሁለት ሰልባትዮ ይኖራል፤ አንዱ የናፍጣ፣ አንዱ የዘይት። የኤስ 195 ዓይነቱ ራዲያተር ሳይሆን ላዩ ክፍት የሆነ የውሃ ገንዳ አለው፤ ውሃው እየፈላ ያቀዘቅዘዋል። ሱሉልታ ላይ ያ ውሃ ከ92 ዲግሪ አያልፍም፤ ይህ ለናንተ ጥቅም ነው። 8 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት ቱቦ ጠምዝዛችሁ ገንዳው ውስጥ ብታስገቡ በውስጡ የሚያልፈው ዘይት ከ75 እስከ 85 ዲግሪ ይሞቃል፣ ከዚያ በላይ ሊሄድ አይችልም። የመዳብ ቱቦ ለማጠፍ ይቀላል፣ ነገር ግን ዘይቱን ወደ ሙጫ ስለሚለውጠው አትጠቀሙበት። የነዳጁን ቱቦ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ጠምጥሞ ማሞቅም አደጋ ነው፤ ሙቀቱ ልክ የለውም። የዘይቱ ሰልባትዮ ራሱም ከ45 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፣ አለዚያ ፓልሙ እስከ ጠመዝማዛው ቱቦ አይደርስም። ከፖምፓው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፤ ከሰልባትዮው እስከ ጠመዝማዛው ያለው ቱቦ ከ10 ሚሊ ሜትር አይጥበብ።

አሁን መቆጣጠሪያው። ከአንድ በላይ ነዳጅ የሚያቃጥሉ ሞተሮች ሁሉ የሚያስቸግሩት አንድ ቦታ ነው፤ ፖምፓው የሚለካው መጠንን እንጂ የነዳጁን ዓይነት አያውቅም። የአሜሪካ ጦር ኤም 35 ካሚዮን ላይ የነበረው የኮንቲኔንታል መልቲፊዩል ሞተር ለዚህ የነዳጁን ባሕርይ እየለየ የፖምፓውን መጠን የሚያስተካክል መሣሪያ ነበረው። እናንተ ያን ያህል አያስፈልጋችሁም፤ የሚያስፈልጋችሁ ዘይት በርዶ ወደ ኖዝሉ እንዳይሄድና ሞተሩ በዘይት ላይ እንዳይጠፋ የሚከለክል ነገር ነው። ባለ ሦስት መንገድ፣ በትንሽ የ12 ቮልት ኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር የኳስ ቫልቭ ግዙ። ትንንሾቹ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚከፈቱ) ቫልቮች ቀዳዳቸው ስለሚጠብ ዘይት በራሱ ክብደት አይወርድባቸውም። ቫልቩ ወደ ዘይት የሚዞረው ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ ይሁን፦ ከጠመዝማዛው ቱቦ መውጫ ላይ የታሰረው የሙቀት ማብሪያ 70 ዲግሪ ሲያልፍ፣ እና የጄኔሬተሩ ጭነት ከግማሽ አቅሙ ሲበልጥ። ሁለቱን ማብሪያዎች በተከታታይ እሰሩ፤ አንዱ መስመሩን ሲቆርጥ ቫልቩ ወደ ናፍጣ ይመለሳል። የመብራት መቆራረጥም ሆነ የሽቦ መበጠስ ቢደርስ ማረፊያው ናፍጣ እንዲሆን በራሱ ስፕሪንግ የሚመለሰውን ዓይነት ምረጡ።

ጭነቱን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፍራየሩና ሞተሩ እዚህ ይገናኛሉ። ቴርሞስታቶቹ ሁለቱንም ማሞቂያ ባንድ ጊዜ ሲያበሩ 5 ኪሎዋት ይጫናል፤ ሁለቱም ሲያጠፉ ሞተሩ ባዶውን ይዞራል። ባዶውን የሚዞር ሞተር ይበርዳል፣ ዘይት በደንብ አያቃጥልም፣ ኖዝሉ ላይ ካርቦን የሚጋገረውም ያኔ ነው። ከልክ በላይ ሲጫን ደግሞ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ይህ አሁን ያላችሁን የናፍጣ ጄኔሬተርም ይመለከታል፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ ወደ 1 በመቶ ያጣል ብላችሁ ብትይዙ፣ 6 የተጻፈበት ሱሉልታ ላይ 4.5 ወይም 5 ኪሎዋት ግድም ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሁለቱን ማሞቂያዎች በሁለት ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ ማብሪያ) አድርጉና አንደኛው ሲበራ ሁለተኛው እንዳይበራ የአንዱን ዝግ ረዳት ነጥብ በሌላው መጠምጠሚያ መስመር አሳልፉ። በጄኔሬተር ጊዜ ቅርጫቶቹን ተራ በተራ አስገቡ። ፍሪጅና መብራት ሲጨመርበት ጭነቱ 3 ኪሎዋት ላይ ይረጋል፤ ለሞተሩም የሚስማማው ይኸው ነው።

የማጥፊያው ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት መስመሩ ውስጥ ያለው ዘይት በናፍጣ ተገፍቶ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ፓልሙ ፖምፓው ውስጥ ይረጋል። የሚፈጀው ጊዜ የሚወሰነው ከቫልቩ እስከ ኖዝሉ ባለው መጠን ነው። ፊልትሮው ከቫልቩ በኋላ ከሆነ ወደ 350 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በሰዓት 1.2 ሊትር ለሚበላ ሞተር ይህ 17 ደቂቃ ነው፣ ማንም አይጠብቅም። ለናፍጣውም ለዘይቱም የየራሱን ፊልትሮ ከቫልቩ በፊት አድርጉ፤ የሚቀረው 60 ሚሊ ሊትር ግድም ይሆንና 5 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። የማጥፊያውን ቁልፍ በታይመር ሪሌ (ሰዓት ቆጥሮ በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ) እሰሩት፦ ሲጫኑት መጀመሪያ ቫልቩ ወደ ናፍጣ ይዞራል፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሞተሩ ይጠፋል። ለአደጋ ጊዜ ወዲያው የሚያጠፋ ሁለተኛ ቁልፍ ይኑር። ከኖዝሉ የሚመለሰው ትርፍ ነዳጅ ወደ ናፍጣው ሰልባትዮ አይግባ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ናፍጣችሁ ግማሹ ዘይት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ወደ ዘይቱ ሰልባትዮ መልሱት።

የሞተር ዘይቱን መመሪያው ከሚለው በግማሽ ጊዜ ቀይሩ፤ 100 ሰዓት ካለ በ50። በየቀኑ የሞተር ዘይት መለኪያውን ዘንግ ስታዩ መጠኑ ከጨመረ ያልተቃጠለ ዘይት እየወረደ ነው፤ ያን ቀን በዘይት መሥራት ይቁም። የመጀመሪያው 100 ሰዓት ሲሞላ ኖዝሉን ፈትታችሁ ጫፉን ተመልከቱ። ስስ፣ በጥፍር የሚነሳ ጥቁር ከሆነ ቀጥሉ። እንደ ጽጌረዳ ተከምሮ የጠነከረ ካርቦን ከሆነ መጀመሪያ የዘይቱን ሙቀት በቱቦው መውጫ ላይ ለኩ፣ ቀጥሎ ጭነቱን፣ ከዚያ የኖዝሉን መክፈቻ ግፊት በፖምፓ ቤት አስለኩ። ሦስቱም ልክ ሆነው ካርቦኑ ከተደገመ ጥፋቱ የሰበሰባችሁት ዘይት አሲድ ላይ ነው፤ የመመርመሪያውን ልክ ከ2 ወደ 1.5 ሚሊ ሊትር ዝቅ አድርጉት።